የሙዳየ ምጽዋቱና የፈንዱ ሒሳብ፦ ከአንባቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለዚህ ወር ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው። የጠያቂዎቹንም የአጥቢያዎቹንም ስም ትተን፣ ረዘም ያሉትን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ከአንድ ደብር ሥር ተወልጄ ያረጀሁ እናት ነኝ። ልጄ በቤተ ክርስቲያናችን የልማት ኮሚሽን ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ያገለግላል። ከውጭ በመጣው የእርዳታ ገንዘብ የተገዛ የአንድ ጀሪካን ቤንዚን ደረሰኝ ቢጠፋበት ማብራሪያ ሲጽፍ ያመሻል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስዕለቴንና ዐስራቴን ስሰጥ ደብራችን በዓመት ምን እንዳስገባና ለምን እንዳዋለው አንድም ቀን ተነግሮኝ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን አንዲት ናት እንላለን፤ ሒሳቧ ለምን ሁለት ሆነ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎን የሚያስመሸው ውል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ለስደተኞች፣ በድርቅ ለተጎዱ ሰዎች፣ ለውኃና ለጤና ሥራ ያዋለውን ገንዘብ በአብዛኛው ያገኘው በውጭ አገር ካሉ የአብያተ ክርስቲያናት የተራድኦ ድርጅቶችና ከዓለም አቀፍ ተቋማት ነው። እነዚህ ለጋሾች ገንዘቡን የሚለቁት ለምን ሥራ፣ በየትኛው ወረዳ፣ እስከ መቼና በየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚወጣ በፊርማ ካሰሩ በኋላ ነው። በዚያ ላይ የአገሪቱ ሕግ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የተመዘገበ ድርጅት ሁሉ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል፣ ለሌሎች ወገኖች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅትም የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ግን በዚህ አዋጅ አትተዳደርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 398 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሕግ እንደ ሰው የምትቆጠር መሆኗን ስለደነገገ፣ እንደ ማኅበር ተመዝግባ ለመዝጋቢ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ማቅረብ አይጠበቅባትም። ሒሳብ የምትጠየቀው በራሷ ደንብ ነው፤ ደንቡም ቃለ ዓዋዲ ይባላል። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው የተሻሻለ ሲሆን፣ በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተወካዮቻቸው አማካይነት ቤተ ክርስቲያኑን አብረው የሚያስተዳድሩበትን ሰበካ ጉባኤ አቋቁሟል። ስሙ «ቃለ ዓዋዲ ዘይሰብክ በገዳም» ከሚለው የወንጌል ቃል የመጣ ነው፤ አዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። ገንዘብን ጭምር የሚመለከት ደንብ በአዋጅ ነጋሪ ስም መጠራቱን እኔ ሁልጊዜ ደስ እያለኝ አስታውሰዋለሁ።

ደንቡ ከወጣ ሁለት ዓመት ያህል እንደቆየ፣ ደርግ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመናት የኖረችበትን የጉልትና የሰሞን መሬት፣ የኪራይ ቤቶቿንም በጥቂት ወራት ውስጥ አጣች። የጥያቄዎ መልስ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሬት በነበረበት ዘመን ደብሩን የሚያኖረው መሬቱ ስለነበረ፣ ሒሳብ የሚነገረው ለአለቃውና ከአለቃው በላይ ላለው ባለሥልጣን ነበር፤ ምእመኑን የሚጠይቀውም፣ ምእመኑ የሚጠይቀውም ነገር አልነበረም። ከ1967 ወዲህ ደብሩን የሚያኖረው የእርስዎ ስዕለትና ዐስራት ሆነ። ሒሳቡ የሚሄድበት መንገድ ግን እንደ ድሮው ወደ ላይ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ዛሬም አጥቢያው ሪፖርት የሚያደርገው «ፐርሰንት» ለሚከፍለው አካል ነው። የአዲስ አበባ አድባራት ከገቢያቸው 20 በመቶውን ለሀገረ ስብከታቸው ፈሰስ ያደርጋሉ፤ ሀገረ ስብከቱም በተራው ለመንበረ ፓትርያርኩ ድርሻውን ያስተላልፋል፤ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በሚደረገው አጠቃላይ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባም አህጉረ ስብከት ሪፖርታቸውን ያሰማሉ። ይህ አሠራር ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ ክፍተት አለበት። ፐርሰንቱ የሚሰላው አጥቢያው «ገቢዬ ይህን ያህል ነው» ብሎ ባስታወቀው ላይ ስለሆነ፣ ገቢውን ያሳነሰ አጥቢያ የሚከፍለውም ያንሳል። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ የራሱን ደረሰኝና የራሱን የባንክ ሒሳብ ይዞ ለብቻው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን በወረቀት ሊያውቀው አይችልም። ሊያውቀው የሚችለው በዓመቱ ሙዳየ ምጽዋቱ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ በግቢው ዙሪያ ያሉት ሱቆች ለማን በስንት እንደተከራዩ፣ በንግሡ ዕለት ጃንጥላውና ሥዕሉ በጨረታ በስንት እንደወጣ በዓይኑ ያየ የሰፈሩ ሰው ነው። ችግሩ መኖሩን ደግሞ የሚናገሩት የቤተ ክርስቲያን ተቺዎች ብቻ አይደሉም፤ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በ2005 ዓ.ም. ከተሾሙ ወዲህ ሙስናን በስሙ እየጠሩ ደጋግመው ተናግረዋል።

አሁን እኔም ልጠይቅዎ። በአጥቢያዎ የሰበካ ጉባኤ አባልነት ተመዝግበዋል? የዓመቱን የአባልነት መዋጮ የከፈሉበት ደረሰኝ በእጅዎ አለ? ምርጫ ሲደረግ ተገኝተዋል? አስቀድሼ፣ ስዕለቴን አግብቼ፣ ጠበል ጠጥቼ እሄዳለሁ እንጂ ስብሰባ አልቀመጥም የሚል ምእመን እጅግ ብዙ ነው። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ተረት በዚህ ጉዳይ አፋችንን ሲያዘጋ ኖሯል፤ ዳሩ ግን በሰበካ ጉባኤው ባለቤቷ እርስዎ ነዎት። የልጅዎ ለጋሾች ሪፖርት የሚያገኙት ስለሚጠይቁና ካልቀረበላቸው ቀጣዩን ገንዘብ ስለሚይዙ ነው። እርስዎ ገንዘቡን ይያዙ አልልዎትም፤ የሚሰጡት ለእግዚአብሔር ነውና። መጠየቁን ግን ደንቡ ሰጥቶዎታል።

ጥያቄ፦ በደሴ የአንድ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያዥ ነኝ። የየሩብ ዓመቱን ገቢና ወጪ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንለጥፍ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ አንድ አረጋዊ አባት «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ተብሏል፤ ደግሞም ሌባ መጥራት ነው» አሉኝ። ልቃወማቸው አልፈልግም፤ ግን ምን ልበል?

መልስ፦ መቃወም አያስፈልግዎትም። አባታችን የጠቀሱት ቃል የተነገረው ለሚሰጠው ሰው ነው፤ ሰጪው በስጦታው እንዳይመጻደቅ። የተሰጠውን ገንዘብ ለሚጠብቀው ሰው ግን መጽሐፍ ሌላ ነገር ይናገራል። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ካህናቱ የቤተ መቅደሱን ፍራሽ ሳያድሱ ዓመታት ባለፉ ጊዜ፣ ካህኑ ዮዳሄ በሣጥን ክዳን ላይ ቀዳዳ አድርጎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ። ገንዘቡ በበዛ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ መጥተው አብረው ይቆጥሩት ነበር፤ ከቤተ መንግሥት አንድ፣ ከቤተ መቅደስ አንድ ማለት ነው። እውነት ለመናገር እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ገንዘቡ የተሰጣቸውን ሰዎች በታማኝነት ይሠሩ ስለነበር ሒሳብ አይጠይቋቸውም ነበር የሚልም አለ፤ አባታችን ይህን ካነሡብዎት አይደንግጡ። እነዚያ ሰዎች ለአናጢውና ለግንበኛው የሚከፍሉ የሥራ ኃላፊዎች ናቸው፤ ወደ እነርሱ ከመድረሱ በፊት ገንዘቡ በሁለት ወገን ተቆጥሮ ታስሯል። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን መዋጮ ከቲቶ ጋር የሚወስድ፣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ ያደረገው ማንም እንዳይነቅፋቸው ተጠንቅቆ መሆኑን በሁለተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 8 ጽፏል። ጳውሎስን የሚያህል ሐዋርያ ብቻውን ገንዘብ አልያዘም።

«ሌባ መጥራት ነው» ያሉት ግን ሊናቅ አይገባም፤ ትክክለኛ ሥጋት ነው። በግቢው ያለ ጥሬ ገንዘብ፣ የወርቅና የብር ስዕለት፣ ንዋየ ቅድሳት በሰሌዳ አይለጠፍም። የሚለጠፈው ባንክ የገባው ነው። ንብረቱ በመዝገብ ተቆጥሮ ይያዛል፤ መዝገቡን የሚያየው ጉባኤው ነው።

በሙያዬ ምክንያት የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ ላይ ተገኝቼ አውቃለሁ፤ ያየሁትን ብነግርዎ ለእርስዎ ሥራ ይጠቅም ይሆናል። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በአስተዳዳሪው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ ከምእመናን በተመረጠ ሰው እጅ። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ገንዘቡ በዕቃ ቤቱ ወለል ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ሲገለበጥ የዕጣንና የጧፍ ሽታ አብሮ ይወጣል። አምስት ብሮች በሰም ተጣብቀዋል፤ አንዳንዱ ብር እንደ ክታብ አራት አምስት ጊዜ ታጥፏል፤ በዝናብ ወራት የተከፈተ ሣጥን ከሆነ ከታች ያለው ይሻግታል። በመካከሉ የጣት ቀለበት፣ አንዲት የአንድ ዶላር ኖት፣ «ልጄን ማርልኝ» ተብሎ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ይገኛል። ወጣቶቹ በዓይነት በዓይነቱ እየለዩ መቶ መቶውን በላስቲክ ያስራሉ። ሁሉም አልቋል ብለው ሲነሡ አንድ አዛውንት ምእመን ሸራውን አንሥተው አራገፉት፤ ሦስት ሳንቲሞች ወደቁ፤ ጸሐፊው የዘጋውን ድምር ሰርዞ እንደገና ጻፈ። ስርዙ ላይም ሦስቱ ፈረሙ። ገንዘቡ በማግሥቱ ጠዋት ባንክ ገባ፤ የባንኩ ማስገቢያ ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያያዘ።

ያ ደብር ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ድምሩን ለሕዝቡ አልነገረም ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቅ ማንም አልከለከለንም፣ ልማድ ሆኖ ነው አሉኝ። ስለዚህ ለአባታችን እንዲህ ይበሏቸው፦ የምንለጥፈው እኛው ፈርመን ባንክ ያስገባነውን ነው፤ አንዲት መስመር ለገቢ፣ አንዲት ለደመወዝ፣ አንዲት ለዕድሳት፣ አንዲት ለፐርሰንት፣ ከግርጌው የተረፈው። ከተቻለም ሰሌዳው ላይ በሚለጠፍበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው አባታችን ያንብቡት። ያነበበ ሰው ይከላከልለታል።

ጥያቄ፦ በጎጃም የቅኔ መምህር ነኝ። ከጉባኤ ቤቴ ብዙ ሳይርቅ በቤተ ክርስቲያን ስም በእርዳታ ገንዘብ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ተማሪዎቼ ግን ቁራሽ እየለመኑ በጎጆ ያድራሉ። ያ ሁሉ ፈንድ ሲመጣ ለአብነት ትምህርት ቤት የማይተርፈው ስለምንድን ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎን ከእርስዎ በፊት ሌላ የአገራችን ቤተ ክርስቲያን በጽሑፍ አንሥታዋለች። የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በተቋቋመበት በዚያው በ1964 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር የምዕራቡ ለጋሾች ለልማት ሥራ ገንዘብ እየሰጡ ለስብከተ ወንጌልና ለአገልጋዮች ማሠልጠኛ መንሳታቸው ሰውን ሥጋና ነፍስ አድርጎ መክፈል ነው የሚል ነበር። ነገሩ ከፍ ያለ ክርክር አስነሥቶ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ በናይሮቢ ሰፊ ምክክር ተደርጎበታል።

ክርክሩ የለጋሾችን ልብ ቢያለዝብም ሕጋቸውን ብዙ አልለወጠውም። ከእነዚህ የተራድኦ ድርጅቶች ብዙዎቹ የሚያከፋፍሉት የምእመኖቻቸውን መዋጮ ብቻ ሳይሆን ከየመንግሥቶቻቸው የተቀበሉትንም ገንዘብ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ደግሞ ለሃይማኖት ትምህርት እንዳይውል በስምምነቱ ተጽፎ ይመጣል። የሒሳብ ሠራተኛው ለጉባኤ ቤትዎ አንድ ኩንታል ጤፍ ከዚያ ቢሰጥ ኦዲተሩ «ያልተፈቀደ ወጪ» ብሎ ያስመልሰዋል።

ሆኖም መንገዱ ፈጽሞ ዝግ አይደለም። ቅኔውን ማስተማር የእርዳታ ፕሮጀክት አይሆንም፤ የተማሪዎቹ የመጠጥ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የዕከክና የዓይን ማዝ ሕክምና፣ በግቢው የሚተከል አትክልት ግን ይሆናል። ማመልከቻው ሲጻፍ «ለአብነት ትምህርት ቤቱ ድጋፍ» ከማለት ይልቅ ስንት ልጆች፣ ዕድሜያቸው ስንት፣ ውኃ የሚቀዱት ከየት፣ ባለፈው ዓመት ስንቱ ታመመ ብሎ መዘርዘር ይሻላል። ወንበርዎንና ቀለብዎን የሚችለው ግን የአገሩ ምእመን ነው፤ እኔ ይህ ቢሆንም ይሻላል ባይ ነኝ። የውጭ ገንዘብ ከሰጪው አቋም ጋር ታስሮ ይመጣልና። መካነ ኢየሱስ በ2005 ዓ.ም. በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት ስታቋርጥ፣ ከረጅም ዘመን አጋሮቿ ጋር የተሳሰረውን ድጋፍም አብራ ማሰብ ነበረባት።

ጥያቄ፦ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ፕሮጀክት ቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስምምነታችን በዶላር ነበር። የምንዛሪው ዋጋ ከተለወጠ በኋላ በብር ሲመነዘር ከበጀቱ እጅግ የበለጠ ገንዘብ በእጃችን ቀረ። የበላይ ኃላፊዬ «ይህ ለጋሹ ያላሰበው ትርፍ ነውና ለጽሕፈት ቤታችን ጣሪያ እናውለው» ብለውኛል። ለግላቸው አልጠየቁም፤ ጣሪያውም በእርግጥ ያፈስሳል።

መልስ፦ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ የ50,000 ዶላር በጀት 2,850,000 ብር ነው፤ ዶላሩ 110 ብር ሲገባ ያው ገንዘብ 5,500,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ፈተናው የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ነገር ግን ለጋሹ የሰጠው ዶላር ነው፤ ሪፖርት የሚጠብቀውም በዶላር ነው። ከምንዛሪ የመጣው ልዩነት በአብዛኛው ስምምነት ላይ የፕሮጀክቱ ገንዘብ እንጂ የተቀባዩ ትርፍ አይደለም። ውሉን አውጥተው ስለ ምንዛሪ የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። ካገኙት እንደ ተጻፈው ያድርጉ፤ ካላገኙት ያለፈቃድ አንዲት ብር አያንቀሳቅሱ። ሲሚንቶውም ቧንቧውም አብሮ ስለተወደደ ከልዩነቱ ከፊሉ እዚያው ፕሮጀክት ላይ ያልቃል፤ ለጋሹም ይህን ያውቃል። የቀረውን ለጣሪያው ማዋል ከፈለጋችሁ ገንዘቡ ሳይወጣ በፊት በደብዳቤ ይጠየቅ። እኔ እንዳየሁት ለጋሾች ቀድሞ ለተጠየቁት ነገር ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፣ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚሰሙትን ግን ያስመልሳሉ። ኃላፊዎ ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት በትሕትና ይጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

ጥያቄ፦ እኔ በቨርጂኒያ፣ እኅቴ በለንደን እንኖራለን። የእርሷ አጥቢያ ሒሳብ ኢንተርኔት ላይ ይታያል፤ የእኛ ግን የለም። የእኛዎቹ እየደበቁ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ እንደዚያ ማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ የሁለቱ አገሮች ሕግ ነው። በእንግሊዝ በበጎ አድራጎት የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን፣ ገቢው አነስተኛ ካልሆነ በቀር፣ ሒሳቡን ለተቆጣጣሪው ኮሚሽን ያቀርባል፤ ኮሚሽኑም በመዝገቡ ላይ ለሕዝብ ያወጣዋል። በአሜሪካ ግን አብያተ ክርስቲያናት ሌሎች በጎ አድራጊ ድርጅቶች በየዓመቱ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡትን ፎርም 990 እንዲያቀርቡ አይገደዱም። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ሰጥተው ከግብር ሊያስቀንሱ ከፈለጉ የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ አለብዎት፤ ያ ግን የእርስዎን ስጦታ ብቻ የሚያሳይ ነው። የቀረው የሚወሰነው በአጥቢያችሁ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት የደንቡን ቅጂ ከጸሐፊው ይጠይቁና ሦስት ነገር ይፈልጉበት፦ ቼክ ላይ ስንት ሰው እንደሚፈርም፣ የሒሳብ ተቆጣጣሪውን ማን እንደሚመርጠው፣ ሪፖርቱ ከስብሰባው ስንት ቀን ቀድሞ ለአባላት መድረስ እንዳለበት። ሦስተኛው በደንቡ ከሌለ የማሻሻያ ሐሳቡን እርስዎ ያቅርቡ፤ በስብሰባው ዕለት በጆሮ ብቻ በተሰማ ሒሳብ ላይ ማንም ጥያቄ ሊያነሣ አይችልምና።